የማኅበራችን መኪና ታይሚንግ ቺንጋ መቼ ይቀየር?

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ አንድ ትምህርታዊ ንግግር እንዳዘጋጅ ሲነግረኝ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር ወይም ስለ ሽንብራ ትል እንደማወራ ገምታችሁ እንደነበር አውቃለሁ። ኮሚቴውም የጠበቀው ይህንኑ ነው። እኔ ግን በሞተር ውስጥ ስለሚገኝ አንድ የጎማ ቀበቶ ላወራ መጥቻለሁ፤ ታይሚንግ ቺንጋ ስለሚባለው። ርዕሱን ለኮሚቴው ሳቀርብ አንድ አባታችን «ልጄ፣ አንተ የሰብል ባለሙያ ነህ ወይስ መካኒክ?» አሉኝ። መካኒክ አይደለሁም። ያለኝ የግብርና ኮሌጅ ዲፕሎማ ነው፤ በኮሌጅ ስለ እርሻ መሣሪያ የተማርኩትም ስለ ትራክተር ነው፤ ትራክተር ደግሞ ወደ በኋላ እንደምነግራችሁ ይህ ቺንጋ የለውም። ነገር ግን በዚህ ቺንጋ ምክንያት ጊዜው አልፎ የተዘራ ማሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የግብርና ነው ብዬ ቀረብኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ማኅበሩን በስሙ አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ወሩ ሐምሌ፣ ሳምንቱ የጤፍ ዘር የሚያጣድፍበት ነው። ማኅበሩ አንድ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለው፤ ደብል ጋቢና፣ ናፍታ፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ። ከቢሾፍቱ የቁንጮ ጤፍ ዘር ጭነን እየተመለስን ነበር። ቁንጮን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያው ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ፣ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀ ዝርያ ነው። ዱከምን አልፈን ወደ ገላን ስንቃረብ ሞተሩ ጠፋ። አልጮኸም፣ አልጨሰም፣ አላንገራገረም፤ መብራት እንደሚጠፋ ነው ድርግም ያለው። መሪው በአንድ ጊዜ ከበደ። ፍሬኑም ከሁለት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ሾፌራችን ልምድ ያለው ሰው በመሆኑ ከኋላችን ይመጣ የነበረውን ከባድ መኪና አሳልፎ እንደምንም ዳር አስያዘን።

ኮፈኑ ተከፈተ። ከውጭ የሚታየው የዲናሞ ቺንጋ በቦታው አለ። «ቺንጋው ደህና ነው» ተባለ። ባትሪው ይሠራል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ያዞራል፤ እንዲያውም ከወትሮው ቀለል ብሎት ያዞራል። ያ ቀለል ማለቱ ነገሩን ሁሉ ሊነግረን ይገባ ነበር፤ ግን ማናችን እንወቀው! አንዱ «ናፍታው አየር ስቦ ነው» አለ፤ ሌላው «ፊልትሮው ነው» አለ። እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ «እንግፋው!» አልኩ። ቦታው ትንሽ ቁልቁለት አለው። ዝናብ እየወረደብን፣ መንገደኛ ለምነን፣ ስድስት ሆነን ገፋን። ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ከሞተሩ ውስጥ ኳ! የሚል ድምፅ ወጣና መኪናው ቆመ። ሁለት ጊዜ ደገምነው።

በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የሞተሩን የፊት ሽፋን ሲፈታ ታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ፣ ጥርሱ ተልጦ ከሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። ቴስታታው ሲወርድ ከስምንቱ ቫልቮች አምስቱ ተጣምመዋል። «ሲበጠስ የታጠፈ አለ፤ ስትገፉት የታጠፈ አለ፤ የትኛው የማን እንደሆነ እኔ አልለይላችሁም» አለን። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፤ ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝም ያ ጥያቄ ነው። «ቺንጋው መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው?»

ሾፌሩ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በእሱ ጊዜ አልተቀየረም። ከእሱ በፊት የነበረው ሾፌር ሥራውን ለቋል። ሊቀ መንበሩ መኪናው ሲገዛ በኮሚቴው ውስጥ አልነበሩም። ሻጩ «ሁሉ ነገር ተሠርቶለታል» ብሎ ነበር፤ ምን እንደተሠራለት ግን የጻፈው ሰው የለም። የዚያን ማኅበር መዝገብ ብትከፍቱ ከስንት ዓመት በፊት ማን ስንት ኪሎ ዳፕ እንደወሰደ ከነጣት አሻራው ታገኛላችሁ። ስለ መኪናው ግን አንድ መስመር የለም።

ጥገናው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘሩን በኪራይ አይሱዙ አስገባን፤ ማዳበሪያው ግን በየቀኑ መኪና እየተለመነ በጥቂት በጥቂቱ ነው የደረሰው። መጨረሻ ላይ የደረሳቸው አባላት ሌላው ማሳውን አረም ሊያርም ሲዘጋጅ ገና ይዘሩ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ተሰናበተ፤ ዘግይቶ የተዘራው ጤፍ ፍሬው ሳይሞላ ቀረ። ሁሉም የመኪናው ጥፋት ነው አልልም፤ ዝናቡም አጥሯል። ነገር ግን ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ያለውን ልዩነት አውድማ ላይ ያየ ገበሬ «ዝናቡ ነው» ብትሉት አይሰማችሁም።

አሁን ወደ ቺንጋው ልግባ። በሞተር ውስጥ ከታች ፒስተኖቹን የሚያወጣና የሚያወርድ ዘንግ አለ፤ ክራንክ ሻፍት ይባላል። ከላይ ደግሞ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮችን፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ዘንግ አለ፤ ካም ሻፍት ይባላል። የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው ልክ አንድ ጊዜ መዞር አለበት። አንድ ጥርስ እንኳ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ በሩ ያለ ጊዜው ይከፈታል። ሁለቱን አስተሳስሮ የሚያስኬዳቸው ይህ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። በብዙ የናፍታ ሞተሮች ይኸው ቺንጋ የናፍታ ፖምፓውንም ያዞራል።

በሬ ጠምዶ ላረሰ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሞፈሩ እንጨት ነው፣ ማረሻው ብረት ነው፣ በሬዎቹም ጉልበታሞች ናቸው፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያገናኘው ግን ምራን ነው፤ የቆዳ ጠፍር። ምራን ተበጥሶበት በሬ የሞተበት ሰው የለም። በሬዎቹ ይቆማሉ፣ ሰውየው ቋጥሮ ይቀጥላል። የሞተሩ ምራን ሲበጠስ ግን በሬዎቹ አይቆሙም፤ በሩጫቸው ላይ እንዳሉ ይጋጫሉ። የናፍታ ሞተር አየሩን አጥብቆ ስለሚጨምቅ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ የላይኛው ዘንግ ይቆማል፤ አንዳንዱ ቫልቭ እንደተከፈተ ይቀራል። የታችኛው ግን መኪናው እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ መዞሩን አያቆምም፤ ፒስተኑ እየወጣ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታል። በአንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች ፒስተኑና ቫልቩ እንዳይገናኙ ሆነው ስለተሠሩ ቺንጋው ቢበጠስ ሞተሩ ይቆማል እንጂ አይሰበርም። በናፍታ ላይ ግን በዚህ ዕድል አትተማመኑ።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር በአንድ ሰዓት 120,000 ዙር ይሆናል። እያንዳንዱ ቫልቭ በዚያች አንድ ሰዓት 60,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በሁለት ጣት የሚያዝ ጎማ ነው።

ይህ በእጄ የያዝኩት ቺንጋ ከሌላ መኪና ላይ፣ ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ በጊዜው ተፈትቶ የወጣ ነው። እባካችሁ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። ጥቁር ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። «ይሄማ ገና ያገለግላል» የሚል ካለ እጁን ያውጣ። (ብዙ እጅ ወጣ፤ ሳቅ።) እኔም እንደናንተው ብዬ ነበር። ሸክሙን የሚይዙት በጎማው ውስጥ የተቀበሩት የመስተዋት ክሮች ናቸው፤ እነሱ ሲደክሙ ከውጭ አይታይም። የዲናሞ ቺንጋ ሲላላ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሰፈር ይሰማዋል። ታይሚንግ ቺንጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር ነው የሚሄደው። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስንሄድም ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጭሱ ይታያል እንጂ ይህን ሽፋን ፈትቶ የሚያይ የለም። ስለዚህ መቼ እንደሚቀየር የሚነግረን ምልክት የለም፤ የሚነግረን የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሩን ከመናገሬ በፊት መኪናችሁ ይህ ቺንጋ ያለው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ትራክተሮቻችን፣ ማሴይ ፈርጉሰኑም ቤላሩሱም፣ ይህን ሥራ የሚሠሩት በብረት ጥርስ ማርሽ ነው። ኤንፒአር አይሱዙም እንደዚሁ። ቪትዝና ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን ኮሮላዎች በሰንሰለት ናቸው፤ ሰንሰለት በዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ረጅም ዕድሜ አለው። ቺንጋ ያላቸው በማኅበሮቻችን ግቢ ውስጥ በብዛት የምናያቸው ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ሃይሉክስ ፒካፖችና ሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ ያሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች፣ ከእነሱ ቀጥለው የመጡት 1ኬዲና 2ኬዲ፣ እንዲሁም የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የሃይሉክስ 1ጂዲና 2ጂዲ ናፍታ ሞተሮች ደግሞ ወደ ሰንሰለት ተመልሰዋል። ስለዚህ «ሃይሉክስ ነው» ማለት አይበቃም። ሊብሬውን አውጡና የሞተር ቁጥሩን እዩ፤ የሞተሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ይገኛል።

ለ2ኤል፣ ለ3ኤልና ለ5ኤል የሚታወቀው ቁጥር በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ለ1ኬዲና ለ2ኬዲ 150,000 የሚሉ መጽሐፎች አሉ። የመኪናችሁ መጽሐፍ ካለ እሱ ይግዛችሁ። ነገር ግን ጎማ በመሄድ ብቻ አያረጅም፤ ቆሞም ያረጃል። ከኪሎ ሜትሩ ጎን ዓመት የሚጽፉ አምራቾች አሉ፤ ያን ጊዜ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ነው የሚታየው። ጎተራ ውስጥ አምስት ዓመት ተሰቅሎ የከረመ ምራን ለእርሻ አውጥቶ የሚጠምድበት ገበሬ አለ? ማኅበሩ ጥቂት የሚነዳው መኪናም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። እኔ ብጠየቅ በአካባቢያችን ለሚሠራ የድሮ ናፍታ ፒካፕ 100,000 እስኪሞላ አልጠብቅም፤ 80,000 ላይ አስቀይረዋለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንዱ አቧራ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦ እስከ ገላን ባለው የግንባታ መንገድ ላይ የሚውል መኪና ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ወይም መካኒክ ሁለት ብሎን ሳያስር ከተወው አቧራው ገብቶ ቺንጋውን እንደ ሞረድ ይልገዋል። ሁለተኛው ቆሞ መነሣት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ ሞተሩ በቆመበት ሲዞር ግን አይቆጥርም። ፒካፓችን በናፍታ ሰልፍና በቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ በቀን ሁለት ሰዓት ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቆም፣ በደቂቃ 750 ዙር ብናስብ 90,000 ዙር ነው። ይህ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲነዳ የአርባ አምስት ደቂቃ ጉዞ ማለት ነው። በቆጣሪው ላይ ያልታየ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በየቀኑ በቺንጋው ላይ ይጨመራል። ሾፌሮቻችን እባካችሁ ሰልፍ ላይ ሞተር አጥፉ፤ ናፍታውም ይተርፋል።

የሚታየውንስ ቢሆን አስባችሁት ታውቃላችሁ? በቀን 80 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ መኪና በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 80,000 የሚሞላው በሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። የአንድ ኮሚቴ የሥራ ዘመን ሳያልቅ ወይም ኮሚቴው እንደተቀየረ መሆኑ ነው። ማን እንደሚረሳው ከዚህ ታውቃላችሁ።

በአንዳንድ ቶዮታዎች ዳሽቦርድ ላይ ለዚሁ የተሠራ መብራት አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አትሳሳቱ። መብራቱ ቺንጋውን አያየውም፤ ኪሎ ሜትሩን ቆጥሮ ነው የሚበራው። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ብቻ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል፤ አምፖሉን ነቅሎ መሸጥም ይቻላል። ቆጣሪው ራሱ ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና ገበያ ላይ ሞልቷል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ከነደረሰኙና ከነኪሎ ሜትሩ «ቺንጋው ይህን ቀን ተቀይሯል» የሚል ወረቀት ካልቀረበላችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ በገዛችሁበት ሳምንት አስቀይሩ። በሬ ስንገዛ አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። የቺንጋ ዕድሜ ግን ከጥርሱ አይታወቅም።

ቁጥሩ ሳይሞላም የሚቀየርበት ጊዜ አለ። በሞተሩ ፊት ለፊት በኩል ዘይት ማላብ ከጀመረ፣ ማለትም መካኒኮች ፓራዮሊ የሚሉት ዘይት ከልካይ ጎማ ካረጀ፣ ዘይቱ ቺንጋው ላይ ደርሶ ጎማውን ያላላዋል። ዘይት የነካው ቺንጋ በጨርቅ ተጠርጎ አይመለስም። ውኃ ወይም ናፍታ ቢነካውም እንደዚሁ።

አሁን ደግሞ ለሥራ ኃላፊዎችና ለሒሳብ መርማሪዎች አንድ ነገር ላንሣ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ። ከማኅበሮቻችን በአንዱ ሊቀ መንበሩ ኪሎ ሜትሩን አይተው ቺንጋውን በጊዜው አስቀየሩ። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲመረመር «ይህ ዕቃ ተበላሽቶ ነበር ወይ? የብልሽት ማረጋገጫው የት አለ?» ተብለው ተጠየቁ። እውነቱን ተናገሩ፤ «አልተበላሸም» አሉ። አላስፈላጊ ወጪ ተብሎ በሪፖርቱ ላይ ተጻፈባቸው። እኚህ አባት ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚያደርጉ ልነግራችሁ አያስፈልግም። እስኪበጠስ ይጠብቃሉ። ሲበጠስ ማረጋገጫው ይሟላል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፊርማው ሁሉ ትክክል ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ጩኸት ማኅተም ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

እኔ ከብት ሳስከትብ ውዬ አውቃለሁ። ለአባ ሰንጋ ክትባት በጀት ሲጠየቅ «ላሟ ታማለች ወይ?» ብሎ የሚመልሰን ኃላፊ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቺንጋውም ሳይታመም የሚከተብ ነገር ነው። ስለዚህ የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ለታይሚንግ ቺንጋ ግዢ የብልሽት ማረጋገጫ መጠየቁ ይቅርና በምትኩ የኪሎ ሜትር መዝገብ ይጠየቅ። መዝገቡ ላይ ባለፈው የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ አሁን ያለበት ኪሎ ሜትር፣ የአምራቹ ቁጥር ይጻፍ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው በየወሩ ቆጣሪውን በዓይኑ አይቶ ይፈርምበት። ወጪው በዓመታዊ ዕቅዱ ገብቶ በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ የሚጠየቁት ለምን ቀየሩ ተብለው ሳይሆን ለምን አሳለፉ ተብለው ይሆናል።

ጊዜውንም ከእርሻው ጋር ማስማማት ይቻላል። ቆጠራው የሚያልቀው ሰኔና ሐምሌ ላይ መሆኑ ከታየ ሚያዝያ ላይ አስቀይሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሆነ መስከረም ላይ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ቀድሞ መቀየር የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ በዘር ወቅት አንድ ሳምንት መቆም ግን ስንት እንደሚያስከፍል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለ ግዢው በአጭሩ። አዲስ ቺንጋ ብቻ ግዙ፤ ሶማሌ ተራ ከተፈታ ሞተር ላይ የወጣ ደህና መሳይ ቺንጋ በርካሽ ቢቀርብላችሁ ትታችሁ ሂዱ። ከቺንጋው ጋር መወጠሪያውና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ። መወጠሪያው ሲነክስ አዲሱንም ቺንጋ ይዞት ይሄዳል፤ ለመፍታት የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ደግሞ ያው አንድ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች የውኃ ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ እሱም አብሮ ይታይ። አዲሱ ቺንጋ አይታጠፍ፣ አይጠምዘዝ፣ ሚስማር ላይ አይሰቀል፣ በጠመንጃ መፍቻ እየተፈነቀለ አይግባ። ከገባ በኋላ ሞተሩ በቁልፍ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ምልክቶቹ መግጠማቸው ይረጋገጥ፤ የእናንተ ሾፌር አጠገቡ ቆሞ ይህን ይይ። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቆጣም።

ዋጋው እንደከበደ አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ይህ ቺንጋም ቫልቭም የለውም፤ አንድ ቀን ለማኅበሮቻችንም ይደርስ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ማዳበሪያውን የሚያመላልሰው ያ አሮጌ ናፍታ ፒካፕ ነው፤ ቢሰበር በምትኩ ሌላ ማግኘት ከበፊቱ ከባድ ነው።

ለሾፌሮች አንድ ነገር ብዬ ልጨርስ። መንገድ ላይ፣ በተለይ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ያለ ድምፅ ከጠፋ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉና አትደንግጡ፤ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ዳር ያዙ። ቁልፉን ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ሞተሪኖው ከወትሮው ቀሎት ካዞረ ወዲያው ተዉት። እንዲገፋም አትፍቀዱ፤ ከጋቢና ወርዶ «እንግፋው!» የሚል የግብርና ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ እንኳ አትስሙት። (ሳቅ።) ማርሹን ፎሌ አድርጋችሁ አስጎትቱ።

በዚህ አጋጣሚ ዩኒየኑን ጠይቄ ለእያንዳንዱ አባል ማኅበር አንድ አንድ የመኪና መዝገብ ደብተር ተዘጋጅቷል፤ በር ላይ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አራት ቦታ አለው፤ የሞተር ዓይነት፣ ዛሬ ያለው ኪሎ ሜትር፣ ቺንጋው የተቀየረበት ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረበት ቀን። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የማታውቁ «አይታወቅም» ብላችሁ ጻፉ። መኪናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ከምሳ በፊት ቆጣሪውን አይታችሁ ሙሉት፤ እኔም የዩኒየኑ ሾፌርም ግቢ ውስጥ ነን። ያ ቺንጋ ከኋላ ወንበር ደርሶ ከሆነ መልሱልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ማኅበር አሳየዋለሁ።